ቦዬ ረግረግ፣ ጅማ፦ የባጃጁና የመንገድ መሪው ነገር

ለእረፍት ጅማ የምትገቡ፣ ግማሽ ቀን ካላችሁ ቦዬን እንዳታልፉት። በአዲስ አበባ መውጫ በኩል ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ረግረግና ኩሬ ነው። ጉማሬ ለመኖሪያ ቤት ይህን ያህል ቀርቦ የሚታይበት ቦታ ብዙ አይገኝም። የእግር መንገዱ አጭር ነው፤ ጉዞውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ባጃጁና መንገድ መሪው ነው።

ባጃጅ በኮንትራት ያዙ፤ ዋጋውን ግን ሳትነሱ "ደርሶ መልስ፣ ከነመጠበቂያው" ብላችሁ ቁረጡ። መሄጃውን ብቻ ከተስማማችሁ ሾፌሩ ሌላ ሰው ጭኖ ይሄዳል፤ ሊወቀስም አይችልም። ግማሹን እዚያ ስትደርሱ፣ ግማሹን ከተማ ስትመለሱ ክፈሉ። ስልክ ቁጥሩንም ያዙ።

ለመሪነት ከብት የሚጠብቁት የሰፈሩ ልጆች ይበልጣሉ። ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀምሩና "ሮቢን ኤሳ ጅራ?" (ጉማሬው የት ነው?) ብላችሁ ጠይቁ፤ ያለበትን እጃቸውን ዘርግተው ያሳዩአችኋል። ጥሩ መሪ ወደ ውኃው ከመጠጋቱ በፊት መሬቱን ያያል። ጉማሬ የሚመላለስበት መንገድ ግራና ቀኙ ሁለት ቦይ ሆኖ ተረግጦ መሃሉ ላይ የሣር ጉብታ ይቀራል። እዚያ ላይ አትቁሙ፤ በእንስሳውና በውኃው መካከል መግባት ነውና ቦዬ ላይ ትልቁ አደጋ ይኸው ነው። ግልገል የያዘች ካለች ጨርሶ አትቅረቡ። "ፎቶው እንዲያምር ጠጋ በሉ" የሚል መሪ ካጋጠማችሁ ሒሳቡን ከፍላችሁ ተመለሱ።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። በክረምት መረሬው ጫማ ይውጣል፤ ስኒከር ሆቴል ትታችሁ የፕላስቲክ ቦት ከገበያ ግዙ። ጠዋት ከ12:30 እስከ 3 ሰዓት ወፉ ይበዛል፦ ራሱ ላይ የወርቅ ጎፈር የደፋው ጥቁር ረጅም ወፍ ከነጥንዱ ሣሩ ውስጥ ሲለቅም ይታያል። ጉማሬዎቹ ቀን ቀን ቆዳቸው ፀሐይ ስለማይችል ውኃ ውስጥ ናቸው። ዓይንና ጆሮ ብቻ ብቅ ይላል፤ ቀጥሎ ጆሮው ይርገበገብና ውኃውን ያራግፋል። ከጠለቁ አምስት ደቂቃ ያህል ሊቆዩ ይችላሉ፤ ታግሣችሁ ጠብቁ። ሲመሽ ለግጦሽ ስለሚወጡ ከ11:30 በፊት ከዳርቻው ልቀቁ። 8 በ42 የሆነ (ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) አቅራቢ መነጽር ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ።

የሚያሳዝነው የረግረጉ ዳር ነው። ለጡብ የሚሆን ሸክላ ተቆፍሮ ጉድጓዱ ሳይደፈን ይተዋል፤ ውኃ ይሞላና አረም ሲለብሰው ሜዳ ይመስላል። ከመሪው ኋላ ኮቴውን እየረገጣችሁ ሂዱ። ባሕር ዛፉም ውኃውን እየመጠጠ ወደ ውስጥ ገፍቷል። ስለዚህ ለመሪው ልጅ ጉርሻ ስትሰጡ እጃችሁ አይጠር፤ ጉማሬው ቆሞ ገቢ ሲያመጣለት ያየ ልጅ ነው ነገ ቆፋሪውን "እዚህ ተው" የሚለው።