ከኬብሉ የመጣ ጥፋት፦ ባለ 2 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ባለፈው ጥር እዚሁ ጅማ ያነሳሁትን የአንድ ሰርግ ፎቶ ለማረም ስከፍት፣ ሙሽራይቱ እስከ ትከሻዋ ደህና ስትታይ ከዚያ በታች ያለው የምስሉ ክፍል ግራጫ ሆኖ አገኘሁት። ቀጣዩ ፎቶ ጨርሶ አልከፈት አለ፤ ትንሽ ቆይቶም ኮምፒውተሩ ዲስኩን ፎርማት እንዳደርገው ጠየቀኝ። ሚሞሪ ካርዶቹን ለሌላ ሰርግ አጥፍቼ ተጠቅሜባቸው ስለነበር ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። የዚያን ሰዓት ድንጋጤ ዛሬም አልረሳሁትም።

ዲስኩን የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ፍጥነቱም ለሥራዬ የሚበቃ ስለሆነ በዚህ በኩል ብዙ የምለው የለኝም።

ለሻጩ ሳሳየው «ወንድሜ፣ ሃርዱ ሞቷል፤ ሌላ ግዛ» አለኝ። አንድ የጥገና ባለሙያ ደግሞ ወዲያውኑ ቼክዲስክ በተባለው የዊንዶውስ የዲስክ መጠገኛ ፕሮግራም እናስተካክለው አለ። እኔ አልፈቀድኩም፤ ምክንያቱም ቼክዲስክ የፋይል ሰንጠረዡን (የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያሳየውን ዝርዝር) ሲያስተካክል እዚያው የተጎዳው ዲስክ ላይ ስለሚጽፍ፣ ሊተርፍ የሚችለውን ፋይል ሊያጠፋው ይችላል። በመጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ከባልደረባዬ በተዋስኩት ዲስክ ላይ ዲዲሬስኪዩ በተባለው የመገልበጫ ፕሮግራም አሰፈርኩ፤ ከዚያም በቅጂው ላይ ፎቶሬክ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም አስኬድኩ። ፎቶሬክ የፋይል ሰንጠረዡን ወደ ጎን ትቶ እያንዳንዱን ፋይል በአጀማመሩ እየለየ ስለሚፈልግ አብዛኞቹን ፎቶዎች መለሰልኝ። ስማቸው ግን ጠፍቶ ስለነበር በውስጣቸው በተመዘገበው ሰዓት እያየሁ መልሶ መደርደሩ አራት ሌሊት ወሰደብኝ። ቪዲዮው በዲስኩ ላይ ተበታትኖ ተቀምጦ ስለነበር የሙሽራይቱ እናት ምርቃት ያለበት ክፍል አልተገኘም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ሃርዱ በእርግጥ ሞቶ እንደሆነ ለማወቅ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን የጤና መዝገብ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለ ፕሮግራም አነበብኩ። ተበላሽተው የተተኩ ሴክተሮችን (የዲስኩን ትንንሽ የመጻፊያ ክፍሎች) የሚቆጥረው መለያ 5 እና መነበብ አቅቷቸው በጥርጣሬ የተያዙትን የሚቆጥረው መለያ 197 ሁለቱም ዜሮ ነበሩ። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ የሚጨምረው መለያ 192 ግን 63 ደርሷል። ጅማ ውስጥ መብራት ስለሚቆራረጥ ኮምፒውተሬን በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በሚተካ ባትሪ) ነው የማሠራው፤ ዲስኩንም በአግባቡ ሳላስወጣ ነቅዬው አላውቅም። ታዲያ ይህ ሁሉ መቋረጥ ከየት መጣ? ትልልቅ ፋይሎች እየገለበጥኩ አጠገቡ ተቀምጬ ስጠብቅ የዲስኩ አነስተኛ መብራት ድርግም ብሎ ሲመለስ አየሁ፤ መዝገቡን ስከፍት ቁጥሩ 64 ሆኗል።

ጥፋቱ ሻጩ «ይሄ ምርቃት ነው» ብሎ የጨመረልኝ፣ 2 ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጭን ኬብል ነበር። ይህን መሰሉ ትንሽ ዲስክ የራሱ የኃይል ምንጭ ስለሌለው የሚሠራው ከዩኤስቢ በሚያገኘው 5 ቮልት ብቻ ነው፤ መደበኛው የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ እስከ 500፣ የ3.0ው ደግሞ እስከ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ረጅምና ቀጭን ሽቦ ቮልቴጁን መንገድ ላይ ይቀንሰዋል፤ ዲስኩ ብዙ ኃይል በሚፈልግበት ጊዜ የሚደርሰው ስለሚያንሰው ጽፎ ሳይጨርስ ይጠፋል። ፎርማቱ (ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ዘዴ) ኤክስፋት የተባለው መሆኑ ጉዳቱን አባብሶታል፤ ኤንቲኤፍኤስ እንደተባለው ሌላው ፎርማት የለውጥ መዝገብ ስለማይዝ፣ በጅምር የቀረ ጽሑፍ ሰንጠረዡን አበላሽቶ ይቀራል።

ፎቶዎቹን ካተረፍኩ በኋላ ዲስኩን በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጌ፣ ከካርቶኑ ጋር በመጣው አጭር ኬብል ከኮምፒውተሩ የኋላ መሰኪያ ጋር አገናኘሁት። 200 ጊጋባይት ገልብጬ የእያንዳንዱን ፋይል አሻራ (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ) ኤስኤችኤ 256 በተባለው ስሌት ከዋናው ጋር ሳመሳክር አንድም ልዩነት አልተገኘም።

ሻጮች «ኬብል ያው ኬብል ነው» ይላሉ። ያው አይደለም፤ ገዢ ዕቃውን የሚገዛው ቃላቸውን አምኖ ስለሆነ፣ የሚጨምሩለት ኬብል ዲስኩን በትክክል ማሠራት አለማሠራቱን ሞክረው ሊሰጡት ይገባል። ስለ ዲስኩ ግን ጥር ላይ የተናገርኩትን ክፉ ቃል ሁሉ መልሼ ወስጃለሁ፤ ሁለተኛ ቅጂ የማስቀምጥበትንም ያንኑ ዓይነት ገዝቻለሁ። አሁን ሰኔ ላይ ነን፤ መለያ 192 እስካሁን 64 ላይ ነው። ረጅሙን ኬብል ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሰካው ቆርጬ ጥዬዋለሁ።