አሮጌው ኮምፒውተር ከሲዲ አልነሳ ሲል፦ ሲዲው ወይስ ፍላሽ?

እንደ ኡቡንቱ ያለ አዲስ ስርዓተ ክወና (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም) ለመጫን ሲዲውን ከትታችሁ ኮምፒውተሩን ስታበሩት ያው የድሮው ዊንዶውስ ይመጣል። ሁለት መንገድ አለ፤ ሲዲውን ማስተካከል ወይም በፍላሽ መጫን።

እኔ ከሲዲው ጀምሩ እላለሁ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። መጀመሪያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን እዩ፤ ሃርድ ዲስኩ ከቀደመ ሲዲው ጨርሶ አይነካም። ከዚያ ሲዲውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። አንድ የአይኤስኦ ፋይል (የሙሉ ዲስክ ቅጂ በአንድ ፋይል) ብቻ ከታየ፣ የተቀዳው እንደ ተራ ፋይል ነው። እንደ ኢሜጅ በርን መደረግ፣ ማለትም የፋይሉ ይዘት ተዘርግቶ ሲዲው ላይ መጻፍ ነበረበት። ይሄ ስህተት ስንቱን ሰው ደህና የሲዲ ማጫወቻ አስቀይሮታል! መጠኑንም ልብ በሉ። ሲዲ የሚይዘው 700 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ዋናው ኡቡንቱ ከ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከዚያ በልጧል። ዲቪዲን ደግሞ ሲዲ ብቻ የሚያነብ ማጫወቻ አያውቀውም።

ፍላሽ ይፈጥናል፣ አይጫርም፣ ተደጋግሞ ይጻፍበታል። በሩፈስ (የመጫኛ ፍላሽ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም) ስታዘጋጁት ለአሮጌ ባዮስ ኤምቢአር የሚለውን (የቆየውን የዲስክ አከፋፈል ዘዴ) ምረጡ። ግን በ1990ዎቹ የተሠሩ ማሽኖች ባብዛኛው ከዩኤስቢ አይነሱም። ለእነሱ ፕሎፕ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ከሲዲ ተነስታ ፍላሹን ታስነሳላችኋለች። ማጫወቻው ከሞተም ከፍሎፒ ትነሳለች።