ቴሌግራም ለግቢ ተማሪ እንዴት ነው? የኔ ሪቪው

ደብረ ብርሃን ግቢ ስትገቡ ሲኒየሮች መጀመሪያ የሚነግሯችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ እንድትይዙ ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ ቴሌግራም አላችሁ ወይ ይሏችኋል። ቲክቶኩም ፌስቡኩም አለ ግን ለትምህርት የሚሆነው ነገር የሚያልፈው በዚሁ ነው፣ የክፍል ለውጥ ሬፑ (የክፍል ተወካዩ) የሚለጥፈው እዛ፣ ሃንዳውቱ እዛ፣ የአምናው ሚድ ፈተና እዛ።

በፋይል በኩል ምንም እንከን አይወጣለትም። አንዱ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ስለሚችል ወፍራም መጽሐፍ ሳይቆራረጥ ይላካል፣ ስልክ ብትቀይሩም በቁጥራችሁ ስትገቡ ሁሉም እዛው ይጠብቃችኋል። እኔ የወደድኩት ግን ኩዊዙን ነው፣ ቻናል ላይ የሚለቀቀውን ባለምርጫ ጥያቄ ማለቴ ነው። መልሱን ስትነኩት ወዲያው ልክ ነው አይደለም ይላችኋል፣ ያዘጋጀው ሰው ካልሰነፈ ማብራሪያም ይጨምርበታል። መውጫ ፈተና በ2015 ከመጣ ወዲህ 50 ከመቶ ካልመጣ ዲግሪ የለም ስለዚህ የአራት ዓመት ኮርስ እንደገና ሲነሳ በኩዊዝ መከለሱ ሞጁል ላይ ከማንቀላፋት በጣም ይሻላል። ብቻ ኩዊዙን የሚሰራው ማንም ነው፣ መልሱን የሚያርም መምህር የለም፣ አንዳንዱ የተሳሳተ መልስ ከቻናል ቻናል ፎርዋርድ እየተደረገ ሰው ሁሉ ያንኑ ይሸመድዳል። የተጠራጠራችሁትን መጽሐፉ ላይ እዩት።

ግሩፕ ላይ ውይይት ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። ጥያቄ ትጥላላችሁ፣ ሁለት ስቲከርና "እኔም ፈልጌው ነበር" የሚል ይመጣል፣ ከዛ የኳስ ወሬ ይውጠዋል። ለሱ ሦስት ልጅ ሆኖ ላይብረሪ መቀመጥ ይሻላል። "ፈተናው እጄ ላይ አለ ብር ላኩ" የሚሉ ቻናሎችም አሉ፣ የባቻችን ልጅ በአንዱ ተበልታለች፣ ብሩ እንደገባ ብሎክ አደረጓት።

ሌላው ዳታ ነው። ሴቲንግ ገብታችሁ አውቶማቲክ ዳውንሎዱን አጥፉት፣ አለዚያ የማታዩትን ቪዲዮ ሁሉ እያወረደ ፓኬጁን ይጨርሰዋል። የሚያስፈልጋችሁን ፒዲኤፍ ግን ስልካችሁ ላይ ሴቭ አድርጉ፣ ለክረምት መንዝ፣ ሞላሌም ግቡ መሐል ሜዳ፣ ኔትወርክ ላይ ተስፋ አትጣሉ። ደግሞ በ2015 ከየካቲት ጀምሮ ሶሻል ሚዲያ ለወራት ተዘግቶ ነበር፣ የመጀመሪያዎቹ የመውጫ ፈተና ተፈታኞች በቪፒኤን (እገዳ ማለፊያ አፕ) እየገቡ ነው የቸከሉት።

ፕሪሚየሙን፣ የሚከፈልበትን ማለቴ ነው፣ አትግዙ። የአንዱን ፋይል ልክ ወደ 4 ጊጋ ያሳድገዋል፣ ግን 4 ጊጋ የሚሞላ ሃንዳውት እስካሁን የሰጠን መምህር የለም።