እግዜር ይስጥልኝ፣ የልብ ማዕከሎች

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ስንት ጊዜ በሳንባ ምች እንደታመመች ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሽሮፕ ይሰጠናል፣ ይሻላታል፣ ወር ሳይሞላ ያው ሳል ይመለሳል። ክብደት አትጨምርም። ዳገት ላይ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። በሄድንበት ሁሉ "ብርድ ነው" ይሉናል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ስለምናውቀው እኛም አመንን።

አንድ ወጣት ጤና መኮንን ግን ማዳመጫውን ከግራ ትከሻዋ ዝቅ አድርጎ ደረቷ ላይ ብዙ አቆየው። "እናቷ፣ ልቧ እንደ ወፍጮ ሳያቋርጥ ይጮኻል። ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው፣ ትነሳ" ብሎ ሪፈር ጻፈልን። ከሁሉ በፊት የማመሰግነው እሱን ነው።

ኢኮው ነገሩን አወጣው። ጽንስ በሳንባው ስለማይተነፍስ ደሙ ሳንባን ዘሎ የሚያልፍበት አቋራጭ የደም ሥር አለው። ሲወለድ በጥቂት ቀን ውስጥ ይዘጋል። የእሷ ሳይዘጋ ቀረ። ወደ ሰውነቷ መሄድ የነበረበት ደም ለካ ሳንባዋን ሲያጥለቀልቅ ኖሯል።

የተላክነው ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ወዳለው የልብ ማዕከል ነው። ዶ/ር በላይ አበጋዝ ዓመታት ደክመው ያቋቋሙት፣ በ2001 ዓ.ም. የተከፈተው ማለቴ ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ ወራት ጠብቀናል። ለሕክምናው ግን አንድ ብር አልተጠየቅንም።

ካት ላብ፣ ማለት ልብን በቱቦ የሚያክሙበት ክፍል፣ በር ላይ ሲስተሯ እጄን ይዛ አስረዳችኝ። የልጄ ደረት አይከፈትም። በብሽሽቷ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ በራጅ እያዩ እስከ ልቧ ያደርሱታል። ከቀጭን ሽቦ የተሠራ መድፈኛ ቦታው ሲደርስ ይዘረጋና ይዘጋዋል። የጠበበ የደም ሥር ያለባቸው ልጆችም በዚሁ መንገድ ስቴንት፣ የደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ ይገባላቸዋል አለችኝ። ቀዶ ጥገና ግድ የሚሆንበትም አለ፣ እሱን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ልጄ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳትቆይ ወጣች። ብሽሽቷ ላይ ትንሽ ፕላስተር፣ በቃ። እግሯን ሳታጥፍ ተኝታ አደረች፣ በማግስቱ ወደ ቤት።

እናቶች፣ ልጃችሁን ሳንባ ምች ከተመላለሰበት "ልቡን አዳምጡልኝ" በሉ፣ አትፈሩ። ከቆየ የሳንባው የደም ሥሮች ይጎዱና መዝጋቱም የማይቻልበት ጊዜ ይመጣል። ማዕከሉ ስትሄዱ ሪፈሩንና የኢኮ ውጤቱን አትርሱ። ሲስተሯን ካገኛችኋትም፣ ከደብረ ብርሃን የመጣችው ልጅ ሁለት ኪሎ ጨምራለች በሉልኝ።