ደረጃ የወጣለትን ሳንቲም እንደገና ማስመርመር ወይስ ከፍ ያለውን መግዛት? ለባሕር ዳር ሰብሳቢዎች የቀረበ ንጽጽር

በባሕር ዳር የምኒልክን ብር፣ አላድን ወይም ማርትሬዛን የሚሰበስብ ሰው ሁለት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል። አንደኛው ከአንጥረኛ ወይም ከጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ እጅ የሚገኘው ልቅ ሳንቲም ነው። ሁለተኛው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ገዝቶ የሚያመጣው፣ በአሜሪካ ደረጃ ሰጪ ድርጅት ተመርምሮ ቁጥር የወጣለትና ስላብ በሚባለው ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ብቻ ሲሆን ጥያቄውም አንድ ነው፦ 62 የተሰጠውን ሳንቲም በርካሽ ገዝቶ «63 ይገባዋል» በሚል ተስፋ እንደገና ማስመርመር ይሻላል ወይስ ከመጀመሪያው ለ63ቱ ከፍሎ መገላገል? የእኔ ፍርድ በአብዛኛው ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ የሚለወጥበት ሁኔታ ግን አለ፣ እሱም በሳንቲሙ ዓይነትና በሚመረጠው መንገድ ይወሰናል።

ቁጥሩ የሚሰጠው ከ1 እስከ 70 በሚደርስ መለኪያ ነው። መለኪያውን ዊልያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ለቀደሙት ትላልቅ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ሲሆን፣ በ1986 ሥራ የጀመረው ፒሲጂኤስና በ1987 የተከተለው ኤንጂሲ የተባሉት ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ለሌሎች አገሮች ሳንቲሞችም አዳርሰውታል። ከ60 እስከ 70 ያለው ክልል በእጅ ተዘዋውሮ ላላለቀ ሳንቲም የተተወ ነው፤ ከ50 እስከ 58 ያለው ደግሞ ከፍ ያሉት ቦታዎች ላይ ብቻ ጥቂት የመፋቅ ምልክት ለሚታይበት ነው። ክብደትና ስፋት በመሣሪያ ይለካሉ፤ ደረጃ ግን ባለሙያዎች ሳንቲሙን በመብራት ሥር አገላብጠው ካዩ በኋላ የሚስማሙበት አስተያየት ነው። በመሆኑም ያው ሳንቲም በሌላ ጊዜ በሌሎች ዓይኖች ፊት ቢቀርብ አንድ ቁጥር ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። እንደገና የማስመርመር ሥራ ሁሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

መንገዶቹ ሦስት ናቸው፤ በስም ቢቀራረቡም በአደጋ ፈጽሞ አይገናኙም።

የመጀመሪያው ሳንቲሙን ከነስላቡ ለራሱ ደረጃ ሰጪ መልሶ መላክ ነው። ፒሲጂኤስ ሪኮንሲደሬሽን በሚለው አገልግሎት ሳንቲሙን በፕላስቲኩ ውስጥ እንዳለ ይመለከተዋል፤ ከፍ ያለ ደረጃ ይገባዋል ብሎ ካመነ ብቻ አውጥቶ በአዲስ ስላብ ያሽገዋል፣ ካላመነ እንደነበረ ይመልሰዋል። ባለቤቱ የሚያጣው የአገልግሎቱንና የመላኪያውን ክፍያ ብቻ ነው። ደረጃው ከፍ ሲል ግን ከመደበኛው ክፍያ በላይ በሳንቲሙ ዋጋ ላይ የተመሠረተ ተጨማሪ ስለሚጠየቅ፣ ይህ አስቀድሞ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። ኤንጂሲም ለራሱ ስላቦች ሪግሬድ የሚባል አገልግሎት አለው። የትኛውም ድርጅት ጋ ሲላክ በማመልከቻው ቅጽ ላይ መጣራት ያለበት አንድ ነጥብ አለ፤ ይኸውም ሳንቲሙ ከስላቡ የሚወጣው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ነው ወይስ ከመሰጠቱ በፊት የሚለው ነው። በፊት የሚወጣ ከሆነ ደረጃው ዝቅ ሊልም ስለሚችል፣ ባለቤቱ የገባበት ነገር ሌላ መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ክሮስኦቨር የሚባለው፣ በአንዱ ድርጅት ስላብ ያለን ሳንቲም ለሌላው የማቅረብ መንገድ ነው። ላኪው «ከዚህ ደረጃ በታች አልቀበልም» ብሎ ዝቅተኛውን ቁጥር ይጽፋል፤ ተቀባዩ ድርጅት ያን ቁጥር ካልሰጠ ሳንቲሙ በአሮጌው ስላብ እንዳለ ይመለሳል፣ ክፍያው ግን አይመለስም። ይህ መንገድ የሚጠቅመው ሰብሳቢዎች ስብስባቸውን አስመዝግበው የሚፎካከሩበት የፒሲጂኤስ የስብስብ መዝገብ የራሱን ስላቦች ብቻ ስለሚቀበል፣ በዚያ መዝገብ ለሚወዳደር ሰው ነው። ለጠቅላላው ገዥ የምኒልክን ብር ከአንዱ ፕላስቲክ ወደ ሌላው ማዛወር ቁጥሩ እስካልጨመረ ድረስ ለወጪው የሚመጥን ነገር አያመጣም ባይ ነኝ።

ሦስተኛው ስላቡን ሰብሮ ሳንቲሙን እንደ አዲስ፣ ያለ ቀድሞ ታሪኩ መላክ ነው። ደጋፊዎቹ የሚሉት መርማሪው አሮጌውን ቁጥር ካላየ በነፃነት ይፈርዳል ነው፤ እውነትነት አለው። ነፃነቱ ግን ወደ ታችም ይሠራል። 62 የነበረው 61 ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ ሁለተኛው መርማሪ የጽዳት ምልክት አይቶ ቁጥር ነፍጎት ዲቴይልስ በሚል ጽሑፍ ሲመልሰው ነው። ስላቡ በተሰበረበት ቅጽበት የድርጅቱ ዋስትናም አብሮ ይጠፋል፤ ፕላስቲኩ ሲከፈት በመሣሪያ የሚደርስ ጭረት ሳይቆጠር ማለት ነው። ይህ መንገድ ሳንቲሞችን በብዛት የሚልኩ፣ የአንዱን ኪሳራ በሌላው ትርፍ የሚያካክሱ ነጋዴዎች መንገድ ነው። አንድ ወይም ሁለት ሳንቲም ያለው ሰው ሊገባበት አይገባም።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል፤ የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ሳንቲም በ62 ደረጃ 500 ዶላር፣ በ63 ደግሞ 700 ዶላር ያወጣል እንበል። ክፍያው፣ መላኪያውና ኢንሹራንሱ ተደምረው 90 ዶላር ቢሆኑ፣ 90ው የ200ው ልዩነት 45 በመቶ ነው። ስለዚህ ላኪው ወጪውን ለመሸፈን ብቻ፣ ከመቶ ቢያንስ 45 የመሳካት ዕድል እንዳለው ማመን አለበት። በሦስተኛው መንገድ ደግሞ ከፍ የማለት፣ ባለበት የመቅረትና ወደ 61 የመውረድ ዕድሎች እኩል ናቸው ብንልና ሲወርድ 120 ዶላር ቢጠፋ፣ አማካይ ትርፉ ከ200ው ላይ 120ው ተቀንሶ ለሦስት ሲካፈል 27 ዶላር ገደማ ብቻ ነው፤ ከ90 ዶላሩ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ግልጽ ኪሳራ ነው። በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት 1,000 ዶላር ቢሆን ኖሮ ግን፣ በመጀመሪያው መንገድ ለሚልክ ሰው ከመቶ 9 ዕድል ይበቃው ነበር። ውሳኔውን የሚለውጠው እንግዲህ የሳንቲሙ ውበት ብቻ አይደለም፤ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው የዋጋ ርቀት ነው። ይህን ርቀት የሚያሳዩት ሻጮች የሚጠይቁት ዋጋ ሳይሆን በታወቁ ጨረታዎች በእርግጥ የተከፈለው ነው።

ርቀቱ በየትኛው ሳንቲም ሰፊ ነው? ማርትሬዛ በዚህ ረገድ አያዋጣም። በላዩ 1780 የሚል ዓመት ቢኖርም ያው ቅርጽ በቪየና፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም ሲታተም ስለኖረ፣ ኋለኞቹ እትሞች በከፍተኛ ደረጃም ቢሆን በብዛት ይገኛሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጠገራ ብር ደረጃ ማስጨመር የብሩን ዋጋ ያህል ለፖስታ መክፈል ሊሆን ይችላል። የ1936 ዓ.ም. የመዳብ ሳንቲሞችም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው፤ ዓመቱ ሳይለወጥ ለረጅም ጊዜ ስለታተሙ ያልተነኩት ብዙ ናቸው። የተለየችው ክቧ ስሙኒ ናት። ሰዎች ብር እየቀቡ በሽልንግ ቦታ ስላስተላለፏት ተሰብስባ ጠርዟ እንዲጠረብ ተደርጓል፤ ሳትጠረብ የቀረችው በጥሩ ደረጃ ከተገኘች ልዩነቱ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። በመዳብ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ከቁጥሩ ጋር ቀይ፣ ቀይ ቡናማ ወይም ቡናማ የሚል የቀለም ምድብ ስለሚጻፍ፣ ስላብ ውስጥ እያለ የጠቆረ ሳንቲም እንደገና ሲታይ ቁጥሩ ቢጨምር እንኳ ቀለሙን ሊያጣ ይችላል። በ1964 ዓ.ም. ነገሥታቱን ይዘው የወጡት ባለ አምስት ብር የብር ሳንቲሞች ፕሩፍ በሚባለው፣ ለሰብሳቢ ተብሎ በተለየ ጥንቃቄ በሚመታበት አሠራር የተመቱ ስለሆኑ ፉክክሩ ከ69 ወደ 70 ነው፤ እንደ መስተዋት በሚያበራው ሜዳ ላይ ጉም የመሰለ ሽፋን ካለ ግን መላክ ከንቱ ድካም ነው።

የምኒልክ ብር ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። በፓሪስ የታተመው፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝነውና 835 ከሺህ ንጥረ ብር ያለው ይህ ሳንቲም ከማርትሬዛ ጋር እንዲመጣጠን የተሠራ ሲሆን፣ የወጣውም ለመገበያያነት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙው ቀለበት ተበይዶበት በአንገት ተንጠልጥሏል፣ ተበስቷል፣ ቀልጦ ጌጥ ሆኗል። ስለዚህ ንጹሕ ገጽ ያለው ብር ጥቂት ነው፤ በ60ዎቹ ውስጥ ያለው የዋጋ ርቀትም በዚያው ልክ ሊሰፋ ይችላል። እዚህ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለባቸው የንጉሠ ነገሥቱ ጉንጭና ጢም፣ የዘውዱ ከፍ ያሉ ክፍሎች፣ በሌላው ገጽ ደግሞ የአንበሳው ደረትና ጭን ናቸው። እነዚህ ቦታዎች ጠፍጣፋ ሆነው ከተገኙ ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል፦ ወይ ማተሚያው ሲመታ ብሩ ቅርጹን በደንብ አልሞላም፣ ወይ ቦታው በእጅ ተፍቋል። ሳንቲሙን በአንድ መብራት ሥር ቀስ ብሎ ማዘንበል ነገሩን ይለያል፤ በጠፍጣፋው ቦታ ላይ የሚሽከረከረው ብርሃን ሳይቋረጥ ካለፈ ችግሩ የምት ነው፣ እዚያ ሲደርስ ከደበዘዘ ግን ተፍቋል። የመጀመሪያው ዓይነት ሁለተኛ ዕድል ሊሰጠው ይገባል፤ ሁለተኛው 58 ተጽፎበት ከሆነ 58 ነው።

በአገራችን ብርን በሎሚና በአመድ ማሸት የቆየ ልማድ ስለሆነ ብዙ ብሮች ወደ ውጭ ከመውጣታቸው በፊት ታሽተዋል። አንድ አቅጣጫ የያዙ ፀጉር መሳይ ጭረቶች በአጉሊ መነጽር ከታዩ፣ ቀድሞ የተሰጠው ቁጥር በደግነት የተሰጠ ነውና ዝም ብሎ መያዝ ይበጃል። ባለቤቱ እንዲህ ያለውን ስላብ ሰብሮ መላክ የለበትም።

ለገዥ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ሻጩ ለምን ራሱ አላስመረመረውም የሚለው ነው። «ይህ 63 ይገባዋል» ብሎ በ62 የሚሸጥ ነጋዴ አንድም ሞክሮ አልተሳካለትም፣ አንድም ተስፋውን በዋጋው ላይ ጨምሮታል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በደረጃው ጫፍ ላይ ላሉ ሳንቲሞች የመደመር ምልክት መሰጠት ስለተጀመረ፣ በአዲስ ስላብ ያለና ምልክቱን ያላገኘ ሳንቲም መርማሪዎቹ ያዩትና ያለፉት ሊሆን ይችላል። በአሮጌ ስላብ ያለው የተሻለ ዕድል አለው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ይህንም ሻጮች ስለሚያውቁት አሮጌው ፕላስቲክ ራሱ ዋጋ ያስጨምራል። የስላቡን ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ አስገብቶ ማመሳከር የግድ ነው፤ የተጭበረበሩ ስላቦች ስላሉ ሳንቲሙና መዝገቡ ካልገጠሙ ግዥው መቅረት አለበት።

በየደረጃው ስንት ሳንቲም እንደመረመሩ የሚያሳየው የድርጅቶቹ የቆጠራ ሰንጠረዥም በጥርጣሬ መነበብ አለበት። አንድ ሳንቲም ሦስት ጊዜ ተሰብሮ ሦስት ጊዜ ሲላክ፣ ደረጃው የተጻፈባቸው አሮጌ የስላብ ወረቀቶቹ ለድርጅቱ ካልተመለሱ በሰንጠረዡ ሦስት ሳንቲም ሆኖ ይቆጠራል። እንደ አሜሪካ ዶላር በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩት ላይ ይህ አይታይም፤ ጥቂት በተመዘገበው የኢትዮጵያ ብር ላይ ግን «በ62 አምስት አሉ» የሚለው ቁጥር ሁለት ብሮችን ብቻ ሊወክል ይችላል። ለ63ቱ ዛሬ ከፍሎ የሚገዛ ሰው ይህን ግምት ውስጥ ካስገባ ዋጋው መጀመሪያ እንደታየው ውድ ላይሆን ይችላል።

ጣና ዳር ለሚኖር ሰው የቀሩት ሁለት ጉዳዮች የእርጥበትና የሕግ ናቸው። ስላብ አየር አያግድም፤ በክረምት ወራት የሐይቁ እርጥበት ወደ ውስጥ ስለሚገባ ብሩ ሊጠቁር፣ መዳቡ ሊነጥብ ይችላል። እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል ያለበት፣ በደንብ የሚዘጋ ዕቃ ከእንጨት ሳጥን ይሻላል። ለማስመርመር የታሰበ ሳንቲም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ፎቶ ቢነሳ፣ በኋላ የመጣው ለውጥ ከፎቶው ጋር ተነጻጽሮ ይታወቃል።

ሕጉ ከዚህ ይጠነክራል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ስለሚከለክል፣ ጥንታዊ ሳንቲምን በፖስታ ወይም በመንገደኛ ሻንጣ ወደ አሜሪካ ከመላክ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለቱ ድርጅቶች በኢትዮጵያ ቢሮ ስለሌላቸው እዚሁ አስረክቦ መገላገልም አይቻልም። በመሆኑም ውጭ አገር ያለ ዘመድ የምኒልክ ብር ሊገዛልዎት ካሰበ፣ የስላቡን የሁለቱን ገጾች ግልጽ ፎቶ አስቀድሞ ይላክልዎት፤ ጉንጩንና የአንበሳውን ደረት አይታችሁ ሁለተኛ ምርመራ ይገባዋል ካላችሁ፣ ሳንቲሙ ገና እዚያው እያለ ከነስላቡ በመጀመሪያው መንገድ ይላክ፤ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ወደ ባሕር ዳር ይምጣ።