በሚኒሶታ የሱስ አማካሪነት ዲግሪ፦ ከመመዝገብ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

በሚኒሶታ ግዛት የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ አማካሪነት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በሱስ ሕክምና ላይ ያተኮረ 18 የሴሚስተር ክሬዲት እንዲሁም 880 ሰዓት የተግባር ልምምድ ማሟላት ይጠበቅበታል። እኔም ይህንኑ ዲግሪ በሚኒያፖሊስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ያጠናቀቅሁ በመሆኔ፣ ወደ ሙያው ለመግባት የሚያስቡ ወገኖቼ የትምህርቱን ጥንካሬና ጉድለት አስቀድመው እንዲያውቁ እሻለሁ።

ከኮርሶቹ ሁሉ ልቆ ያገኘሁት የምክክር ክህሎት ትምህርቱን ነው። ዊልያም ሚለርና ስቲቨን ሮልኒክ ያዳበሩት ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የተባለው ዘዴ፣ አማካሪው ታካሚውን ከመገሠጽ ተቆጥቦ ሰውየው ለመለወጥ የሚያነሣሡትን ምክንያቶች በራሱ አንደበት እንዲናገር የሚረዳ ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ መክሮና ተቆጥቶ ይመልሳል ተብሎ በሚታመንበት ባህል ላደግን ሰዎች ይህን መልመድ ቀላል አይደለም። የሕግና የሥነ ምግባር ኮርሱም ጠንካራ ነበር። የሱስ ሕክምና መዝገብ በፌዴራል ደንብ ልዩ የምስጢር ጥበቃ እንደሚደረግለት በዝርዝር መማሬ፣ ስማቸው በማኅበረሰቡ ውስጥ እንዳይነሣ ፈርተው ከሕክምና የሚሸሹ ኢትዮጵያውያንን በልበ ሙሉነት ለማስረዳት አስችሎኛል።

የመድኃኒት ትምህርቱ ግን የሳሳ ነው። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የተባሉት መድኃኒቶች በኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይንና ሞርፊን ያሉ ዕፆች) ሱስ ሕክምና ውስጥ ትልቅ ስፍራ ያላቸው ሆነው ሳለ በጥድፊያ ታልፈዋል። ጫት ደግሞ፣ በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር በአሜሪካ ሕግ በጥብቅ የተከለከለ ቢሆንም፣ ከናካቴው አልተነሣም፤ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች በብዛት በሚኖሩበት ከተማ ይህ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም ነበር።

የእንዲህ ያለው ዲግሪ ጥራት ከምንም በላይ የሚለካው በተግባር ልምምዱ ይመስለኛል። 880 ሰዓት፣ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ እንኳ፣ 22 ሳምንት ይፈጃል፤ ብዙውን ጊዜም ክፍያ የለውም። ኮሌጃችን የማገገሚያ ማዕከላትን ስም ዝርዝር ሰጥቶ ቦታ የማፈላለጉን ሥራ ለተማሪው ትቶታል። ሌሊት እየሠሩ ልጅ የሚያሳድጉ የክፍል ጓደኞቼ ትምህርታቸውን ያቋረጡት ፈተና ከብዷቸው ሳይሆን፣ በሚመቻቸው ሰዓት ልምምድ የሚቀበል ማዕከል በማጣታቸው ነው። እኔ በተለማመድሁበት ማዕከል ግን ተቆጣጣሪዬ የቡድን ውይይት ስመራ አብራኝ ተቀምጣ እየተከታተለች፣ ከዚያም ለብቻችን ሆነን ስሕተቴን እያሳየች ታርመኝ ስለነበር፣ ከክፍል ትምህርቱ ይልቅ ከእርሷ የቀሰምሁት ይበልጣል።

ስለዚህ አመልካች ስለ ክፍያው ከመጠየቁ በፊት ኮሌጁ ከየትኞቹ ማዕከላት ጋር የጽሑፍ ስምምነት እንዳለው፣ የማታና የቅዳሜ ልምምድ መኖሩንና ተማሪውን ማን እንደሚቆጣጠር ይጠይቅ። በሌላ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ደግሞ ክሬዲቶቹንና ልምምዱን ብቻ በሰርተፍኬት መርሐ ግብር ማሟላት ስለሚችል፣ አዲስ ዲግሪ መጀመር አያስፈልገውም፤ ዲግሪው ከኢትዮጵያ ከሆነ ግን አስቀድሞ የአቻነት ግምገማ ያስደርግ።