ኤልኢዲን ቀስ አድርጎ ማድመቅና ማደብዘዝ፦ በካፓሲተር ወይስ በአርዱዪኖ?

ኤልኢዲ የምትባለው ትንሽ መብራት ቦግ እልም ከምትል ቀስ ብላ እንድትደምቅ፣ ቀስ ብላም እንድትደበዝዝ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ኮድ የሚባል ነገር አይፈልግም። 9 ቮልት ባትሪ፣ ኤንፒኤን ትራንዚስተር (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚቆጣጠር)፣ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም)፣ እሱን የሚሞላ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገታ)፤ ለኤልኢዲውም የራሱ 470 ኦም። 10 ኪሎ ኦም በ470 ማይክሮፋራድ ሲባዛ 4.7 ሰከንድ ይሰጣል፤ ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ማብሪያውን ሲጫኑ ግን መጀመሪያ ጭጭ ይላል። ትራንዚስተሩ 0.7፣ ቀዩ ኤልኢዲ ደግሞ 2 ቮልት ያህል ስለሚፈልጉ ካፓሲተሩ 2.7 እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ጨለማ ነው። «ተቃጠለ እንዴ?» ብሎ ሽቦ መንቀል ያለ ነው። የካፓሲተሩን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እንዳያምታቱ ብቻ፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ አርዱዪኖ ኡኖ ነው፤ በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ። ቮልቴጁን አይቀንስም። በ9ኛው ፒን ላይ በሰከንድ 490 ጊዜ ያህል እያበራ እያጠፋ ዓይንን ይሸውዳል። የድምቀቱ ደረጃ ከ0 እስከ 255 ነው። ከ0 ወደ 50 ሲሄድ ዝላዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከ200 ወደ 255 ያለው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ደረጃውን በራሱ አባዝቶ ለ255 ማካፈል ያለሰልሰዋል።

ፍጥነት ለመቀየር በአርዱዪኖ ኮዱ ላይ አንድ ቁጥር መንካት ነው፤ በመጀመሪያው መንገድ ግን ካፓሲተር መፍታት። በማብሪያ ለምትሠራ አንዲት መብራት እኔ ካፓሲተሩን እመርጣለሁ። ሌሊቱን ሙሉ በራሷ ስትደምቅና ስትደበዝዝ እንድታድር ከሆነ ግን አርዱዪኖ።